ከደሴት ጉብኝት የሚገኘው ገንዘብ በቅድሚያ ለደሴቱ ይዋል፦ ጣናን፣ ዝዋይንና ወንጪን የተመለከተ ውይይት

ከዚህ በታች ምላሾቹን በተራ የማጠቃልለው የጽሑፍ ውይይት የመክፈቻው ጽሑፍ የእኔ ነው። ፒያሳ በሚገኝ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ቢሮ ስለምሠራ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጣና ገዳማት፣ ወደ ዝዋይ ደሴቶችና ወደ ወንጪ ለሚሄዱ እንግዶች ጉዞ አዘጋጃለሁ። ርእሱን የከፈትኩትም አንድ አቋም ይዤ ነው፤ እንግዳው ከሚያወጣው ገንዘብ ለደሴቱ ነዋሪና ለሐይቁ የሚደርሰው ድርሻ አስቀድሞ ተለይቶ ካልታወቀ፣ የጎብኚን ቁጥር ማብዛት ልማት ተብሎ ሊጠራ አይገባም። ወደ ጣና የሚሄድ ሰው ትልቁን ወጪ የሚያወጣው ለአውሮፕላን፣ ለሆቴልና ለጀልባ ነው። ደሴቱ ላይ የሚቀረው በየገዳሙ በር የሚከፈለው መግቢያና ለመንገድ መሪ የሚሰጠው ጥቂት ብር ነው። ቆሻሻው፣ የማገዶው ፍጆታና የባሕሩ ዳር መረጋገጥ ግን ለነዋሪው ይቀራሉ። ደሴት እንደ የብስ አይደለም፤ የመሬቱ ልክ የታወቀ ነው፣ የተጣለበት ፕላስቲክም በጀልባ ተጭኖ ካልወጣ የትም አይሄድም። ስለዚህ የጎብኚ ቁጥር መገደብ ይኖርበት እንደሆነ፣ ክፍያው በማን እጅ ቢገባ እንደሚሻል፣ ጎብኚ በሚጠፋበት ዘመንም ጥበቃው በምን ላይ ቆሞ እንደሚቀጥል ጠየቅሁ።

1ኛውን ምላሽ የጻፉት አራት ኪሎ የሚኖሩ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። በትሕትና ሰላምታ ከሰጡ በኋላ በሐሳቡ መስማማታቸውን ገልጸው፣ ስለ ጣና የሚነገረው ሁሉ ከሐይቁ ተፈጥሮ መጀመር እንዳለበት አሳሰቡ። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። በዚህ ምክንያት ከዳርቻው የሚገባው ደለልና ፍሳሽ ወደ ጥልቅ ሰምጦ የሚጠፋበት ስፍራ የለውም። በላዩ ካሉት 37 ያህል ደሴቶች ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም ያላቸው ሲሆን፣ አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ላቤዮባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን 15 ያህሉ ዝርያዎች ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም እንደማይገኙ፣ ከእነዚህም ከፊሎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች እንደሚወጡ አስረድተው፣ ጎብኚው ከገዳማቱ ሥዕሎች ጋር ይህንንም ሊያውቅ ይገባዋል በማለት ጽሑፋቸውን አበቁ።

2ኛው ምላሽ ወዲያው ቁጣ ይዞ መጣ። ጸሐፊው ወጣት ይመስለኛል፤ እምቦጭን ወደ ጣና ያመጡት የጎብኚ ጀልባዎችና የሆቴሎች ፍሳሽ ናቸው፣ ስለዚህ ጉብኝቱ ለ10 ዓመት ይዘጋ ሲል ጻፈ። 3ኛዋ ምላሽ ሰጪ ስድስት ኪሎ አካባቢ በአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ላይ ያለች ተማሪ ናት፤ ስሜቱን እንደምትረዳ ገልጻ ነጥብ በነጥብ አረመችው። እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ ተንሳፋፊ አረም ነው፤ በጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በብዛት የተስፋፋውም በሐይቁ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ይህ ዳርቻ የጎብኚ ጀልባዎች ከሚመላለሱበት ከደቡቡ ጫፍ የራቀ ነው። አረሙን የሚያሰባው ከተራቆቱ ማሳዎች የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ እንዲሁም ከከተሞች የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ጀልባ ቁራጩን ከቦታ ወደ ቦታ ሊያዛምት እንደሚችል አልካደችም፤ ነገር ግን ጉብኝትን መዝጋት እምቦጩን አንድ ክንድ እንኳ እንደማያስመልሰው በግልጽ ተናገረች። በባሕር ዳር በኩል ሐይቁን ተጠግተው የተሠሩ ማረፊያዎች ደንገሉን እየመነጠሩ መሥራታቸውን ግን እንደ እውነተኛ በደል ቆጥራዋለች። ደንገል ደለል የሚያጠልል፣ ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ ጎጆ የሚሠራበት በመሆኑ እሱ የተመነጠረበት ዳርቻ ራቁቱን የቀረ ዳርቻ ነው።

4ኛው ጸሐፊ ወንጪ በእሑድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ፤ በማለዳ ከተነሣ እንደሚቻል መልሼለት አለፍን።

5ኛዋ አምባሳደር አካባቢ የምትሠራ የባንክ ሠራተኛ ስትሆን፣ የራሷን ገጠመኝ ጻፈች። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በጣና ላይ ለሙሉ የጀልባ ጉዞ ከፍላ ከሄደች በኋላ፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባ የሰማችው ጀልባው ደሴቱን ሲጠጋ እንደነበር ገለጸች። ቅሬታዋ በሥርዓቱ ላይ ሳይሆን ጉዞውን የሸጠላት ድርጅት አስቀድሞ ባለመንገሩ ነው። እንዲህ ያለ ዝምታ ገዳሙንም እንግዳዋንም እንደሚያሳዝን፣ መነኮሳቱን በሰው ፊት ከልካይ አስመስሎ እንደሚያሳያቸው ጻፈች። እኔም በሥራዬ እንደማውቀው ትክክል ናት። ሴቶች ወደሚገቡባቸው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ወደ ናርጋ ሥላሴ የሚወስድ ጉዞ ማዘጋጀት ቀላል ነው፤ ግን ይህ መነገር ያለበት አዲስ አበባ ላይ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ወደ ጥልቁ ገባ። በ6ኛው ምላሽ በአንድ ደብር የሚያገለግሉ ዲያቆን፣ እኅታችን ቅሬታዋን በአክብሮት ማቅረቧን አመስግነው፣ የገዳም ሥርዓት ራሱ ለዘመናት የዘለቀ የተፈጥሮ ጥበቃ መሆኑን አስረዱ። የዘጌን ምሳሌ አነሡ። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ቢሆንም ኑሮው የደሴት ያህል ነው፤ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሠረት በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስም ከብት ማርባትም ክልክል ሆኖ ኖሯል። በዚህም ምክንያት ሌላው የጣና ዳርቻ ሲራቆት ዘጌ በጥላ ዛፍ ሥር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እያበቀለ ደኑን ይዞ ቆይቷል። ይህን ያደረገው የጎብኚ ገንዘብ አይደለም፤ ጎብኚ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ቃል ነው። ዲያቆኑ ለጥያቄዬ የሰጡት መልስ ይህ ነበር፤ ጥበቃው ጎብኚ በሚጠፋበት ዘመን የሚቆመው ከጎብኚው በፊት በቆመበት መሠረት ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ብዙ ምስጋና አገኘ። እኔንም እጅግ ነካኝ፤ ምክንያቱም እኛ የጉዞ አዘጋጆች ደኑን እንደ ዕድል ሆኖ እንደ ተገኘ አድርገን እናስጎበኛለን እንጂ፣ የአንድ ሕዝብ የትውልዶች መታቀብ ውጤት መሆኑን አናስረዳም። ነገር ግን 7ኛው ምላሽ ሰጪ፣ ዘጌ ተወልዶ ያደገና አሁን ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ በንግድ ሥራ የሚተዳደር ሰው፣ ሞቅ ባለ ቃል ተቃወመ። ዲያቆኑ ያሉት እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው፤ መታቀቡን የከፈለው ድሃው ነው ሲል ጻፈ። በሬ የማይጠምድ ገበሬ እህሉን በሙሉ ከገበያ ይገዛል። የቡና ዋጋ በወደቀበት ወይም ቡናው በታመመበት ዓመት የሚሸጠው ሌላ ነገር ስለማይኖረው ወደ ማገዶ ይዞራል። እናቱ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ማየቱን ጠቅሶ፣ ያን ቀን ደን የሚጠበቀው በእሷ ረኀብ እንደነበር ሳይሸፋፍን ጻፈ። ጎብኚዎች ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወጡበት መንገድ ዳር የተደረደሩት የእጅ ሥራ ሻጮችም ለደስታ የወጡ እንዳልሆኑ፣ ማገዶ ላለመሸጥ የወጡ ጭምር እንደሆኑ አስገነዘበ። ስለዚህ ቃል ኪዳኑን የምታከብሩ ከሆነ ዋጋውን አብራችሁ ክፈሉ አለ። ከሁሉም ምላሾች ይህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የዲያቆኑንም የእሱንም ጽሑፍ አንድ ላይ ያልያዘ እቅድ ለዘጌ አይበጅም ብዬ አምናለሁ።

በ8ኛው ምላሽ ሜክሲኮ አካባቢ በጭነት አስተላላፊነት የሚሠሩ ሰው ውይይቱን ወደ ውጭ ወሰዱት። የኢኳዶር ግዛት በሆኑት በጋላፓጎስ ደሴቶች ከየብሱ 97 በመቶው ብሔራዊ ፓርክ መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ልዩ ሕግ ከዋናው ምድር መጥቶ እንዳሻው መስፈርን መገደቡን፣ ጎብኚም የተመዘገበ አስጎብኚ ሳይኖረው በፓርኩ እንደማይዘዋወር ዘረዘሩ። ለውጭ አገር አዋቂ ጎብኚ 100 ዶላር የነበረው መግቢያ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 200 ሆኗል፤ ገንዘቡም በሕግ በተወሰነ ድርሻ ለፓርኩና ለአካባቢው መስተዳድሮች ይከፋፈላል። የአውስትራሊያ ግዛት በሆነችው በሎርድ ሃው ደሴት ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ400 በላይ ጎብኚ ማደር አይፈቀድም። ስለዚህ ለጣናም ቁጥር ይወሰን አሉ።

9ኛዋ ጸሐፊ ይህን ስትመልስ ገደብም ቢሆን ነዋሪውን ሊጎዳ እንደሚችል አሳየች። የፊሊፒንስ ደሴት የሆነችው ቦራካይ ፍሳሿ ወደ ባሕር ሲለቀቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ለ6 ወራት ስትዘጋ፣ ባሕሩ ዕረፍት ቢያገኝም ዕለታዊ ገቢ የነበራቸው ሠራተኞችና አነስተኛ ነጋዴዎች ያለ ሥራ ቀርተዋል። በኢንዶኔዥያዋ ኮሞዶ እ.ኤ.አ. በ2022 መግቢያውን ወደ 3.75 ሚሊዮን ሩፒያ ለማድረስ ሲታሰብ፣ በቱሪዝም የሚተዳደሩት የአካባቢው ሰዎች ሥራ አቁመው ስለተቃወሙ እቅዱ ቀርቷል። በአንጻሩ የታይላንዷ ማያ ቤይ ከሰኔ 2018 እስከ ጥር 2022 እ.ኤ.አ. ተዘግታ ኮራሉ ሲያገግም፣ ስትከፈት ጀልባዎች ወደ ባሕረ ሰላጤዋ እንዳይገቡና በስተኋላ ባለ መውረጃ ብቻ ሰው እንዲያወርዱ ተደርጓል። የጸሐፊዋ ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ገደቡን ማን ይወስናል፣ በተዘጋበት ወቅትስ የቀዛፊውን ልጆች ማን ያበላል?

10ኛው ምላሽ ሁለቱንም ገሠጸ። ጸሐፊው ለረጅም ዘመን አስጎብኚ የነበሩ አዛውንት ናቸው። እናንተ የምትገድቡት ጎብኚ የት አለ ሲሉ ጠየቁ። በመጀመሪያ ኮሮና፣ ከዚያም ጦርነት፣ ከዚያም በክልሉ የቀጠለው ግጭት ጀልባዎቹን በወደቡ አስሮ ባቆመበት ጊዜ ስለ ጋላፓጎስ ገደብ ማውራት በተራበ ሰው ፊት ስለ ጾም እንደ መስበክ ነው አሉ። ቃሉ ከበድ ያለ ቢሆንም ያነሡት ነገር መመለስ ያለበት ነው፤ በ11ኛው ምላሽ እኔው መለስኩላቸው። ደንቡ መጻፍ ያለበት ጎብኚ በሌለበት በአሁኑ ጊዜ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም እንግዳው ከተመለሰ በኋላ እያንዳንዱ ጀልባና እያንዳንዱ አልጋ ባለቤት ይኖረዋል፣ ባለቤት ያለውን ነገር መቀነስም የማያልቅ ሙግት ነው። እሳቸውም ተመልሰው፣ ይህን የሚጽፉት ሰዎች መጀመሪያ የቀዛፊዎቹን ስም ይወቁ ብለው በአጭሩ አሳረፉኝ።

ውይይቱ ጣና ላይ ብቻ ቆሞ እንዳይቀር ያደረገችው የ12ኛው ምላሽ ጸሐፊ ናት። ወላጆቿ ከዝዋይ ደሴቶች የመጡ የዛይ ብሔረሰብ ተወላጆች ሲሆኑ፣ እሷ ተወልዳ ያደገችው ካዛንቺስ ነው። ከአምስቱ ደሴቶች ትልቋ ደብረ ጽዮን የምትባለው ቱሉ ጉዶ መሆኗን፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ወደዚያ ሸሽታ ነበር ተብሎ እንደሚተረክ ጻፈች። አባቶቿ በድንጋይ እርከን ኮረብታውን እያረሱና ዓሣ እያጠመዱ ኖረዋል። ከጊዜ በኋላ ግን ትምህርት ቤትና ሕክምና ፍለጋ ብዙው ሰው ወደ ዳርቻው ወጣ፤ ቋንቋውም ከሰዉ ጋር ተበተነ። ፈጣን መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለው ይህ ሐይቅ የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ እየሆነ ነው። ሆኖም ጥቂት ሜትሮች ብቻ ጥልቀት ያለው ሐይቅ በመስኖና በአበባ እርሻዎች ውኃው እየተቀዳ፣ እምቦጭም ደርሶበት ሳለ፣ ጎብኚ ወስዶ ስለ ታቦቱ ታሪክ ብቻ መንገር አያቶቿን እንደ ማለፍ እንደሚሰማት ገለጸች። ለደሴቱ ክሊኒክ ያላመጣ ጉብኝት ሰዎቹ እንዲመለሱ አያደርግም፤ ሰው የሌለበትን እርከን ደግሞ ዝናብ ያፈርሰዋል።

የካዛንቺስ ስም መነሣቱ 13ኛውን ጸሐፊ ከርእሱ አወጣው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ጥቂት ቆይቶም ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ጎረቤቶቹ መበተናቸውን አንሥቶ፣ ስፍራ ሲያምር ነባሩ ሰው የት ይግባ የሚለው ጥያቄ የደሴት ብቻ አይደለም አለ። 14ኛው ከተማው ማማሩን አመስግኖ በብርቱ ተከራከረው፤ ሁለቱ መዘላለፍ ሲጀምሩ አወያዩ ጣልቃ ገብቶ ወደ ሐይቁ መለሰን። የ13ኛው ሰው ጥያቄ ግን በርእሳችን ውስጥም እንዳለ አልሸሽገውም፤ ጎርጎራና ወንጪ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሲለሙ በስፍራው የኖረው ሰው በሥራው ውስጥ ምን ቦታ አገኘ የሚለው ተመሳሳይ ጥያቄ ነው።

15ኛው ምላሽ ሰጪ በዚሁ መነሻ ስለ ወንጪ ጻፉ። ከወሊሶና ከአምቦ መካከል ባለው በዚህ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ላይ የቂርቆስ ደሴት ገዳም አለ። ዘመናዊው ማረፊያ ከመሠራቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ፈረስ አከራዩም ጀልባ ቀዛፊውም በተራ እንዲሠራ አድርገው ነበር። ተራ በመኖሩ አንዱ ባለ ፈረስ ብቻውን አልበለጸገም፤ ኮረብታውም በፈረስ ብዛት አልተሸረሸረም። የዓለም የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ሲላት ያየው ይህንንም ነው ብለው ያምናሉ። ለእኔ የጎብኚ ገደብ በነዋሪው እጅ ሲሆን የሚመስለው ይህ ተራ ነው። ከበላይ የመጣ ቁጥር ሳይሆን ጎረቤት ከጎረቤት ጋር የተስማማበት ነው።

በ16ኛው ምላሽ ከዋናው ፖስታ ቤት አቅራቢያ በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ የሚሸጡ ወይዘሮ ከደንገል የተሠሩ ትናንሽ ታንኳዎችን ለዓመታት መሸጣቸውን ጻፉ። ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦዎች ሲሆኑ፣ ደንገሉ ውኃው ሲሸሽ በሚታረሰው የባሕር ሸሽ እርሻና በግንባታ ሲጠፋ የሚመጣላቸው ዕቃ እያነሰ መሄዱን ነገሩን። እነዚህ ሰዎች የሐይቁ ነባር ሆነው ሳለ ሲናቁ የኖሩ፣ በዳርቻው መሬትም ላይ ድምፅ የሌላቸው ናቸው፤ ማኅበረሰብ ይጠቀም ስንል ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናስበው ገዳሙንና ባለ ጀልባውን ብቻ ነው። ይህን ያነሣ ሌላ ሰው ባለመኖሩ አዘንኩ፤ እሳቸውን ግን ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።

የጂኦግራፊ መምህሩ በ17ኛው ምላሽ ተመለሱ። በዓባይ መውጫ ላይ ጨረጨራ የተሠራው መቆጣጠሪያ ግድብና እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ሐይቁን ለሁሉም የሚያጠጣ አንድ ጋን እንዳደረጉት ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቁ ወለል በጣም ወርዶ የመርከብ ጉዞ ለወራት መቋረጡን አስታወሱ። ውኃው ሲሸሽ ደሴት የየብስ ቅጥያ እንደሚሆንም በሐይቅ እስጢፋኖስ ታይቷል፤ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ የገነነው ያ ገዳም በደሴት ላይ የነበረ ሲሆን ዛሬ በእግር የሚገባበት ነው። ስለዚህ የጎብኚው ክፍያ ለደሴቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ውኃው መጠን በሚወሰንበት ጉባኤ ላይ ለነዋሪው ወንበር የሚያስገኝ መሆን አለበት አሉ።

18ኛው ጸሐፊ ለገሃር አካባቢ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሚቆረጠው ደረሰኝ የደሴቱ ድርሻ ራሱን በቻለ መስመር ይጻፍ፣ ያው መጠን በደሴቱ መውረጃ ላይ በሰሌዳ ይለጠፍ፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ነዋሪው መጠየቅ ይችላል ሲል ሐሳብ አቀረበ። ዲያቆኑም በ19ኛው ምላሽ ሰሌዳውን ወደው፣ ማንበብ የማይችል እንዳይቀር ሰበካ ጉባኤ የደብሩን ሒሳብ ለምዕመናን እንደሚያሰማው ሁሉ ይህም ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ አሉ። የዘጌው ሰው ከዲያቆኑ ጋር የተስማማው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከገንዘቡ የተወሰነው ቡና በማይያዝበት ዓመት ለእህል መግዣ እንዲቀመጥ ብቻ ጨመረ።

በ20ኛው ምላሽ የዛይዋ ተወላጅ፣ ለትምህርትና ለሕክምና ብለው ወደ ዳርቻው የወጡት ሰዎች ሒሳቡ ይነበብላቸው ወይ፣ ድርሻስ አላቸው ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ አላቸው ብዬ መለስኩላት፤ እርከኑን የሠሩት የእነሱ አባቶች ናቸው፣ መልሶ ለመጠገን የሚያስፈልገውም የእነሱ ጉልበት ነው። 10ኛው ጸሐፊ፣ አዛውንቱ አስጎብኚ፣ በዚህ አልተስማሙም፤ ድርሻ በደሴቱ ላይ ለሚያድር ሰው ብቻ ካልሆነ ለመመለስ ምን ምክንያት ይኖራል ብለው ጽፈዋል። ሁለቱ እስከ አሁን በዚሁ ላይ እየተጻጻፉ ነው።